ሰማያዊው ዳኑብ እና የእናቴ ሳጥን

እናቴ ቁም ሳጥን ውስጥ አንዲት ትንሽ ሳጥን ነበረች። ክዳኗ ሲከፈት የፕላስቲክ ልጅ በአንድ እግሯ ቆማ ትሽከረከራለች፤ ከሥሯ ሙዚቃ ይወጣል። አክስቴ ከጣልያን አገር ስትመጣ ያመጣችላት ነው። እናቴ ጉትቻዋንና የአንገት መስቀሏን እዚያ ውስጥ ታስቀምጥ ነበር። ለእኛ ለልጆቹ መንካት ክልክል ነው። እሷ ገበያ ስትወጣ ግን መክፈታችን አይቀርም።

ሙዚቃው አጭር ነው። አሥራ አምስት ሰከንድ ቢሆን ነው፤ ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ሞላዋ ጥብቅ ሲል ልጅቷ በጥድፊያ ትዞራለች። እየላላ ሲመጣ ትዘገያለች፤ ድምፁም አብሯት ይዘገያል። አንዱ ድምፅ ከሌላው እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ዜማው መሀል ላይ ቀጥ ይላል። ሆዴን የሚያባባው ያ መዘግየት ነበር። ወንድሜ ቶሎ ብሎ ቁልፏን ሊያዞር ሲል «ተዋት፣ ትጨርስ» እለው ነበር።

የዜማውን ስም ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ቪየና መጥቼ ኬክ ቤት ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ። አንድ ቀን ጠዋት ወጥ ቤቱ ውስጥ ያለው ሬዲዮ ላይ መጣ። እጄ ሊጥ ውስጥ ነበር። ቆምኩ። የሳጥኗ ዜማ! ግን ሳጥኗ የማታውቀው መዓት ነገር ነበረው። ከፊቱ ረጅም መግቢያ አለ። ከኋላው ሌላ ዜማ፣ ከዚያም ሌላ ይመጣል። አሥር ደቂቃ ያህል ይሄዳል። አጠገቤ የሚሠሩት ሽማግሌ የሥራ ባልደረባዬ ቀና ብለው አዩኝና «ዳኑብ ነው» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ሙዚቃ አልተውኩትም።

ሙሉ ስሙ «በውቡ ሰማያዊ ዳኑብ ዳር» ነው፤ ዳኑብ በቪየና የሚያልፈው ወንዝ ነው። ደራሲው ልጅዬው ዮሐን ስትራውስ ይባላል። «ልጅዬው» የምለው አባትዬውም በዚያው ስም ስለሚጠራ፣ እሱም ታዋቂ የዳንስ ሙዚቃ ደራሲ ስለነበረ ነው። አባት ልጁ ሙዚቀኛ እንዲሆን አልፈለገም። ልጁ ግን ቫዮሊኑን ተደብቆ ተማረ። በ1844 ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው የራሱን ኦርኬስትራ ይዞ ሕዝብ ፊት ወጣ። የአባትና የልጅ ነገር እንደየትም አገር ነው፤ እዚህ ላይ አልቆይም።

የምቆየው የካርኒቫሉ ወቅት ላይ ነው።

ብዙ ሰው ሰማያዊው ዳኑብን የቅንጦት ሙዚቃ አድርጎ ያስበዋል። ሻማ፣ ክሪስታል፣ ነጭ ጓንት። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። የተደረሰበትን ጊዜ ካወቅሁ በኋላ ግን ጆሮዬ ተቀየረ። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ጁላይ 3 ቀን 1866 ኦስትሪያ ኮኒግሬትዝ በተባለ ቦታ በፕሩሲያ፣ ሌላው ትልቅ የጀርመን መንግሥት በነበረው፣ ጦር ተሸነፈች። ጦርነቱ በጥቅሉ ሰባት ሳምንት ቢሆን ነው የፈጀው። በሰባት ሳምንት ውስጥ ለዘመናት በጀርመን ምድር የበላይ ሆኖ የኖረ መንግሥት ከቦታው ተገፋ። ቪየና አንገቷን ደፋች። በዚህ መሀል የ1867 ፋሺንግ መጣ።

ፋሺንግ፣ ማለትም ካርኒቫሉ፣ ለእኛ ቅበላ ማለት ነው። እኛ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሥጋውን ጠገብ አድርገን እንደምንበላ፣ ቪየናዎች ደግሞ ጾሙ ሳይገባ ዳንሱን ይጨርሱታል። እስከ ዛሬም ጥርና የካቲት ላይ ከተማው በዳንስ ምሽት ይጥለቀለቃል። ሐኪሞች የራሳቸው ምሽት አላቸው። ፋርማሲስቶች፣ አዳኞች፣ የቡና ቤት ባለቤቶች፣ እኛ ኬክ ሠሪዎችም አለን። ዳንሱ የሙያ ማኅበር ጉዳይ ነው፤ እንደ ዕድር ዓመታዊ ግብዣ ብትወስዱት ብዙ አትሳሳቱም።

እንግዲህ የቪየና ወንዶች መዘምራን ማኅበር በዚያ ባዘነ ዓመት የቅበላ ምሽቱን ሊያደርግ ነው። ከስትራውስ አዲስ ዋልዝ፣ ማለትም በሦስት ምት ጥንዶች እየዞሩ የሚደንሱበት ሙዚቃ፣ ጠየቀ። ቦታው ዲያናባድ የሚባል መዋኛ ቤት ነበር። ሙቀት ሲሆን ሰው ይዋኝበታል፤ ብርድ ሲገባ ገንዳው በሳንቃ ይከደንና አዳራሽ ይሆናል። ስለ ወንዝ የተደረሰው ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በተከደነ የመዋኛ ገንዳ ላይ ነው። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1867።

አጃቢው የጦር ሠራዊት ሙዚቃ ጓድ ነበር፤ የ42ኛው እግረኛ ሬጅመንት። ይህ ጦር የሃኖቨር ንጉሥ ስም ነበረው። የሃኖቨር ንጉሥ ደግሞ በዚያው በ1866 ጦርነት መንግሥቱን በፕሩሲያ ተነጥቋል። መንግሥቱን ባጣ ንጉሥ ስም የሚጠራ የሙዚቃ ጓድ፣ ለተሸነፈ ከተማ፣ ዋልዝ ሲጫወት አስቡት።

የመጀመሪያው ዳኑብ ግጥም እንደነበረው ብዙ ሰው አያውቅም። ግጥሙን የጻፈው ዮሴፍ ቫይል የተባለ የፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው። ወንዶቹ ለሁለት ተከፍለው እየተቀባበሉ ይዘፍኑታል። ሐሳቡን በእኛ ቋንቋ ላምጣው፦

«የቪየና ሰዎች፣ ደስ ይበላችሁ!»
«ኧረ? በምን ምክንያት?»
«እስቲ ዙሪያችሁን እዩ!»
«ለምን ሲባል?»
«የብርሃን ጭላንጭል አለ!»
«ለእኛ ምንም አይታየንም!»
«ቅበላ ነው'ኮ!»
«አሃ፣ እንደሱ ነው እንዴ!»

ይህን ሳነብ ሳጥኗ ትዝ አለችኝ። ያ ሦስት እርምጃ ወደ ላይ የሚወጣ ዜማ፣ ከዚያም ከላይ ብቅ የሚሉት ሁለት ሁለት አጫጭር ድምፆች። ጥሪና ምላሽ ናቸው። አንዱ «ደስ ይበላችሁ» ሲል ሌላው «በምን ምክንያት?» ይላል። ግጥሙ በኋላ ተረስቷል፤ ጥያቄው ግን ሙዚቃው ውስጥ ቀርቷል። እኔ ከሚወደዱት ቦታዎች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

ስትራውስ ራሱ በዚያ ምሽት አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ከኦርኬስትራው ጋር ቤተ መንግሥት ሥራ ላይ ነበር። ሰው አጨበጨበ፤ ግን እሱ እንደለመደው አልነበረም። ለወንድሙ ለዮሴፍ «ዋልዙን ሰይጣን ይውሰደው፤ የሚቆጨኝ ኮዳው ብቻ ነው» አለ ይባላል። ኮዳ የሙዚቃው የመዝጊያ ክፍል ነው። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በማርች 10 ዋልዙ ያለ ግጥም፣ በኦርኬስትራ ብቻ፣ ፎልክስጋርተን በሚባለው መናፈሻ ቀረበ። በዚያው ዓመት ስትራውስ ፓሪስ ወደተዘጋጀው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ይዞት ሄደ። ያኔ ነው እሳቱ የተያያዘው። ብራምስ፣ ያ ኮስታራው የሲምፎኒ ደራሲ፣ የስትራውስ ቤተሰብ የሆነች ሴት ማራገቢያዋ ላይ እንዲፈርምላት ስትሰጠው የዳኑብን የመጀመሪያ ኖታዎች ጻፈና ከሥሩ «እንዳለመታደል ሆኖ የዮሐንስ ብራምስ አይደለም» አለ። ሁለቱ ዛሬ የተቀበሩት በቪየና ማዕከላዊ መካነ መቃብር ጎን ለጎን ነው።

(ዳኑብ ሰማያዊ ነው ወይ ለምትሉኝ፦ እኔ ባየሁት ቀን ሁሉ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ነበር። ስሙ ካርል ቤክ ከተባለ ገጣሚ የመጣ ነው። ይሁን፤ ሰው የሚወደውን ወንዝ በወደደው ቀለም ይጥራው።)

አሁን ሙዚቃው እንዴት እንደተሠራ ልንገራችሁ፤ ይህ ለዳንስ የተሠራ ዕቃ ነውና።

መግቢያው በቫዮሊኖች መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በጣም ቀስ ብሎ፣ ውኃ ላይ ነፋስ ሲያልፍ እንደሚመስለው። ከዚያ ሆርን ይመጣል። ሆርን ክብ ሆኖ የተጠማዘዘ የናስ መሣሪያ ነው፤ ድምፁ ሁልጊዜ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ያችን ወደ ላይ የምትወጣ ዜማ በግማሽ ድምፅ ይጥላታል። ገና ዋልዝ አይደለም። ምቱም የዋልዝ ምት አይደለም። ለምን ይህን ያህል ያስጠብቀናል? ምክንያቱ ተግባራዊ ነው። አዳራሽ ውስጥ ሰው ተቀምጧል። ወንዱ ተነስቶ ሴቲቱን መጠየቅ አለበት። ተያይዘው ወለሉ መሀል መድረስ አለባቸው። መግቢያው ለዚህ የተተወ ጊዜ ነው። ስትራውስ ግን ያንን የመጠበቂያ ጊዜ ወስዶ ከሙዚቃው ሁሉ ምርጡን ቦታ ሠራበት።

ከዚያ አምስት ዋልዞች ይከተላሉ፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ዜማ አላቸው። ሥር ላይ ባሱ «አንድ» ይላል። ሁለተኛ ቫዮሊኖችና ቪዮላዎች (ከቫዮሊን ተለቅ የሚሉት) «ሁለት፣ ሦስት» ይመልሳሉ። አንድ ጊዜ ኮንሰርት ላይ ቪዮላዎቹ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ሴት አሥር ደቂቃ ሙሉ ማለት ይቻላል «ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት» ስትጫወት ቆየች። ዜማ አልደረሳትም። ቀስቷ ላይ ትንሽ ቦታ ብቻ ነው የምትጠቀመው፤ ከመሀሉ ዝቅ ብሎ አንድ ስንዝር የማትሞላ። ሁለተኛውን ምት ደግሞ ከሰዓቱ ቀደም ታደርገዋለች። በጣም ትንሽ፣ የጸጉር ያህል። ከዚያ ሦስተኛው በቦታው ይመጣል። በመካከል ክፍተት ይፈጠራል። የቪየና ዋልዝ ያለው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። ይህን በኖታ ላይ አታገኙትም፤ እንደ እስክስታ ትከሻ ነው፣ ካላደጉበት ከሚያውቅ ሰው ይወሰዳል።

የመጀመሪያ ጊዜ ስማር አሰልጣኛችን ዋልዝ አንድ ሙሉ ዙር ስድስት እርምጃ ነው አለችን። ሦስት እና ሦስት። ሌሎቹ ጀማሪዎች ጣታቸውን እየቆጠሩ ግራ ሲጋቡ እኔ ደስ አለኝ። ስድስትን ከሰርግ ቤት አውቀዋለሁ። ችክችካችን ስድስት ነው፤ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚከፈል። ግን ልዩነቱ ቶሎ ገባኝ። የእኛ ከበሮ ወደ መሬት ይጥላችኋል፣ ትከሻው ይመልሳል። ዋልዙ አንድ ላይ ይረግጥና ቀሪውን በአየር ላይ ያሳልፈዋል። ለሁለት ሳምንት ያህል እግሬ ቪየና፣ ትከሻዬ ጎንደር ነበር።

እዚህ ከተማ አዲስ ዓመት ሲገባ ምን እንደሚሆን ያላየ ሰው ይህን ሙዚቃ በግማሽ ነው የሚያውቀው። ዲሴምበር 31 እኩለ ሌሊት ላይ የቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ትልቁ ደወል ይደወላል። ከሃያ ቶን በላይ የሚመዝን ደወል ነው። ደወሉ ሲያበቃ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ዳኑብን ይለቃሉ። ሰው በካፖርትና በቦት ጫማ በረዶ ላይ ይደንሳል። የመጀመሪያው ዓመት ላይ እኔ ዳር ቆሜ ነበር። ለእኔ አዲስ ዓመት መስከረም አንድ ነው፤ አደይ አበባና ችቦ ከሌለ ልቤ አይቀበለውም። ግን አንዲት የማላውቃት አሮጊት እጄን ይዘው ሁለት ዙር አዞሩኝና «መልካም አዲስ ዓመት፣ ልጄ» ብለው ወደ ሌላ ሰው ሄዱ። አልተዋወቅንም።

በማግሥቱ ደግሞ የቪየና ፊልሃርሞኒክ የአዲስ ዓመት ኮንሰርት አለ። መጨረሻ ላይ ያ የቫዮሊን መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሕዝቡ ወዲያው ያጨበጭባል። መሪው ያስቆመዋል፣ ዞሮ ከኦርኬስትራው ጋር መልካም አዲስ ዓመት ይመኛል፣ ከዚያ እንደገና ይጀመራል። በየዓመቱ እንዲሁ ነው። ሰው የሚያጨበጭበው ለዜማው አይደለም፤ ዜማው ገና አልመጣም። የሚያጨበጭበው ሊመጣ መሆኑን ስላወቀ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አፕሪል 1945 መጨረሻ ላይ ቪየና ፈራርሳ ነበር፤ ያ ካቴድራል ተቃጥሎ፣ ደወሉ ወድቆ ተሰባብሮ ነበር። እንደገና የተመሠረተችው ኦስትሪያ ብሔራዊ መዝሙር አልነበራትም። ፓርላማው ፊት ለፊት የተሰማው ይህ ዋልዝ ነው። በ1867 ከሽንፈት በኋላ፣ በ1945 ከጥፋት በኋላ። ሁለቱም ጊዜ ሰው «በምን ምክንያት?» ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ ነበር።

በሜይ 31 ቀን 2025፣ ስትራውስ በተወለደ በ200 ዓመቱ፣ የአውሮፓ ጠፈር ድርጅት ዋልዙን ስፔን ካለ አንቴና ወደ ቮዬጀር 1 መንኮራኩር አቅጣጫ ልኮታል። መንኮራኩሯ በ1977 ስትሄድ በያዘችው የሙዚቃ ሸክላ ላይ አልተካተተም ነበርና። ደስ ይላል። ለእኔ ግን ቦታው ወለል ላይ ነው፤ ጫማ በሚንሸራተትበት እንጨት ላይ።

ባለፈው ክረምት ለኬክ ሠሪዎቹ ምሽት ሄድኩ። ሴት ወለል የሚነካ ቀሚስ መልበስ ግዴታዋ ነው። እናቴ የላከችልኝን የሐበሻ ቀሚስ ለበስኩ፤ የሽሮ ሜዳ ጥልፍ ነው፣ ጥበቡ አረንጓዴና ወርቃማ። ነጠላውን ምን ላድርገው ብዬ ተጨነቅሁና በመጨረሻ ወገቤ ላይ አደገደግሁት። ልጃገረዶቹና ወንዶቹ ነጭና ጥቁር ለብሰው ምሽቱን በሰልፍ ከፈቱ። ከዚያ «ሁሉም ዋልዝ!» የሚለው ጥሪ ተሰማ። ይህ ሲባል ወለሉ የሁሉም ሰው ነው።

ያ የቫዮሊን መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ሽማግሌው የሥራ ባልደረባዬ መጥተው ጎንበስ አሉ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ነው የቀራቸው። እጃቸው በምድጃ የጠነከረ ነው፤ ጓንቱ ውስጥ እንኳ ይታወቃል። ወለሉ ላይ ቆምን። እኔ መዞር ልጀምር ስል ያዝ አደረጉኝ።

«አትቸኩዪ» አሉ። «ገና እየጠራን ነው።»

ቆመን ሰማን። ሆርኑ ከሩቅ አንድ ጊዜ ጠራ። ከዚያ ደገመ። ከዚያ ሁሉም በአንድነት ሄደ።

አምስቱን ዋልዞች እንዴት እንደጨረስኳቸው አላስታውስም። የማስታውሰው ኮዳውን ነው። ኮዳው ሲጀምር ያለፉት ዜማዎች አንድ በአንድ ብቅ እያሉ ይመለሳሉ፤ ምሽቱን በሙሉ ያየሃቸው ሰዎች ሲሰናበቱህ እንደሚያልፉት። ሙዚቃው ሊያበቃ ሲንደረደር ድንገት ይቆማል። ያ የመጀመሪያው ዜማ፣ የሳጥኗ ዜማ፣ በአንድ ሆርን ብቻ ይመለሳል። ዝግ ብሎ። ከላይ አንድ ለስላሳ የእንጨት መሣሪያ ይመልስለታል። ዳንሱ ገና ሳያልቅ ዳንሱን ማስታወስ ጀመረ።

ለዚህ እኛ ስም አለን፤ ትዝታ እንለዋለን። ቅኝቱን አይደለም የምለው፤ ስሜቱን ነው። ሞላዋ ሲላላ፣ ድምፆቹ ሲራራቁ፣ ልጅ ሆኜ «ተዋት፣ ትጨርስ» የምለው ለዚህ ነበር። ስትራውስ ሊጠፋበት ያልፈለገው ይህንን ኮዳ ከሆነ፣ ገብቶኛል።

ሽማግሌው ዝግ አሉ። ዙሪያችን ያሉት ጥንዶች ሁሉ ዝግ አሉ፤ ማንም አልተናገረም። ቀሚሶች ወለሉ ላይ ሲንሸራተቱ ይሰማል። ከዚያ ከበሮው ተንቀጠቀጠ፣ አጭር ጥድፊያ፣ እና አለቀ።

ነጠላዬ ተፈትቶ መሬት ነክቶ ነበር። ጎንበስ ብለው አነሱልኝ። ቀጥሎ ፖልካ፣ ፈጣኑ ዳንስ፣ ነበር።